ለስብ ስም ያወጣው ሰውዬ

ባለፈው ክረምት እናቴ ሐኪም ቤት ደርሳ ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም። ኮሌስትሮልሽ ከፍ ብሏል፣ ቅቤና ጮማ ቀንሺ ተብላ ነው። እኔም እንደ ጎበዝ ልጅ ዘይት ልገዛ ሰፈራችን ካለው ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ሁለት ዓይነት አሳየኝ፤ ፈሳሹንና የሚረጋውን። የሚረጋው ረከስ ይላል፤ ጀሪካኑ ላይ ደግሞ ኮሌስትሮል የለውም የሚል በትልቁ ተጽፎበታል። ዋጋውም ጥሩ፣ ጽሑፉም ጥሩ፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ይዤ ከች አልኩ። ጠዋት ላይ እናቴ ክዳኑን ከፍታ ነጭ ሆኖ የረጋውን ስታይ፣ ቅቤ ተከልክዬ ቅቤ መሳይ ታመጣልኛለህ በሚል ዓይን አየችኝ።

ጀሪካኑ ላይ የተጻፈው ውሸት አልነበረም። ችግሩ፣ እውነት ሆኖም ሸውዶኛል። ይሄ እንዴት ሊሆን ቻለ ብዬ ሳነብ ሳነብ ከአንድ ፈረንሳዊ ሰውዬ ጋር ተዋወቅሁ። ከሞተ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል። የኮሌስትሮልን ስም ያወጣው እሱ ነው። የግሊሰሪንም የሱ ነው። ጂም የምትሠሩ ልጆች የምትውጡት ክሬቲንም የሱ ግኝት ነው። ማርጋሪን የሚለው ስም ሳይቀር መነሻው እሱ ነው፤ እሱም ተሳስቶ! ሕይወቱን ካወቅኩ በኋላ የዘይት ጀሪካን የማነብበት ዓይን ተቀየረ። እስቲ ለእናንተም ላውጋችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአንዤው ልጅ

ሚሼል ኡዤን ሼቭረል የተወለደው ኦገስት 31 ቀን 1786 በምዕራብ ፈረንሳይ፣ አንዤ በምትባል ከተማ ነው። ቤተሰቡ የሐኪም ቤተሰብ ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላው የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ። ልጅነቱ ያለፈው በከተማው አደባባይ ጊሎቲን ቆሞ የሰው አንገት በሚቀላበት ዘመን ነው። መደበኛው ትምህርት ስለተናጋ መጀመሪያ የተማረው በግል አስተማሪዎች ነበር።

በ1803፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ ወደ ፓሪስ ሄደ። እዚያም ክሮሚየም የተባለውን ብረት ያገኘው ታዋቂው ኬሚስት ቮክላን ቤተ ሙከራ ገባ። ቮክላን ጥሩ መምህር ነበር፤ ወጣቱን ዕቃ አጣቢ አድርጎ አላስቀረውም፣ ራሱ እንዲመረምር በር ከፈተለት።

ታዲያ በዚያን ጊዜ ኬሚስት መሆን ማለት በአብዛኛው ማዕድን መመርመር ማለት ነው። ብረት፣ ጨው፣ አሲድ ምናምን ንጹሕ ነገር ነው፤ ይመዘናል፣ ይቆጠራል። ከእንስሳና ከእጽዋት የሚወጣው ግን ያጣብቃል፣ ይሸታል፣ ዛሬ ያየኸው ነገ ይበላሻል። ሞራ፣ ቅቤ፣ የአሳማ ስብ፣ የወይራ ዘይት፣ ሁሉም በደፈናው ስብ ነው። ብዙዎቹ ኬሚስቶች የሸሹትን ይሄን ነገር ሼቭረል ለዓመታት ያዘው።

አንድ ቁራጭ ሳሙና

በ1811 አካባቢ ከአሳማ ስብና ከፖታሽ የተሠራ ሳሙና እጁ ገባ። ሳሙና አዲስ ነገር አይደለም፤ ሰው ለሺህ ዓመታት ስብን ከአመድ ውሃ ጋር እያፈላ ሲሠራው ኖሯል። እንዴት እንደሚሠራ ሁሉም ያውቃል። ምን እንደሚካሄድ ግን የሚያውቅ የለም። የተማሩት ሰዎች ራሳቸው ስቡ እንዳለ ከአመዱ ጋር ተዋሕዶ ሳሙና ይሆናል ብለው ነበር የሚያስቡት።

ሼቭረል ሳሙናውን በብዙ ውሃ በጠበጠው። ከታች እንደ ዕንቁ የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ዘቀጠ። በዚያ ላይ አሲድ ሲጨምርበት አንድ ጠጣር፣ ነጭ፣ ስብ የመሰለ ነገር ወጣ። የሚገርመው ነገር ይሄ ስብ መሳይ ራሱ አሲድ ሆኖ ተገኘ። ስብ ውስጥ አሲድ? አሲድ ሲባል ኮምጣጤና ሎሚ ለሚታያቸው ሰዎች ይሄ ጉድ ነው።

ዛሬ የምናውቀውን ይዘን እንየው። አንዲት የስብ ሞለኪውል ሦስት ጭራ ያላት ነገር አድርጋችሁ አስቧት። አናቷ ግሊሰሪን ነው። ሦስቱ ጭራዎች ፋቲ አሲዶች ናቸው፤ ካርበን ከካርበን ጋር እየተያያዘ የረዘመ ሰንሰለት። ፖታሽ ወይም ሶዳ ሲገባ ጭራዎቹን ከአናቷ ይቆርጣቸዋል። የተቆረጠው ጭራ ከፖታሹ ጋር ሲጣመር ሳሙና ይሆናል፤ አናቱ ውሃው ውስጥ ይቀራል። በቃ፣ ሳሙና ማለት ይሄው ነው።

ሼቭረል ሰንሰለቱን አላየም፤ በዘመኑ የካርበን ሰንሰለት የሚባል ሐሳብም አልነበረም። የነበረው ሚዛን ነው። ከስቡ የወጡትን አሲዶችና ግሊሰሪኑን አንድ ላይ ሲመዝን ድምሩ ከመጀመሪያው ስብ በለጠበት። ሌላው ሰው ሚዛኔ ተበላሽቷል ይል ነበር። እሱ ግን ሲሰነጠቅ ውሃ ገብቶበታል ብሎ ደመደመ። ልክ ነበር። በ1854 ማርሴላን ቤርተሎ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ነገሩን ገልብጦ፣ ግሊሰሪንና ፋቲ አሲድ አጣምሮ ስብ ሠራ።

ሳይለዩ ስም አይወጣም

አሁን የሰውዬው ዋናው ቁም ነገር ላይ ደረስን። እጅህ ላይ ያለው ነገር አንድ ይሁን ሁለት የተደባለቀ በምን ታውቃለህ? በዓይን ሁሉም ነጭ ስብ ነው።

የሼቭረል ዘዴ ቀላልና አሰልቺ ነው። ነገሩን ትኩስ አልኮል ውስጥ ታሟሟዋለህ፣ ሲቀዘቅዝ ክሪስታል ሆኖ ይወጣል፣ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚቀልጥ ትለካለህ። እንደገና ታሟሟለህ፣ እንደገና ትለካለህ። የሚቀልጥበት ዲግሪ እየተቀያየረ ከሆነ ገና ድብልቅ ነው። አልንቀሳቀስ ሲል ያኔ አንድ ነገር ይዘሃል ማለት ነው። ስም የሚወጣለትም ያኔ ነው።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ስለሆነ ይሄ ቶሎ ገባኝ። አሥር ደሃና አንድ ሚሊየነር ያለበትን ሰፈር አማካይ ገቢ ብታሰላ የምታገኘው ቁጥር ማንንም አይገልጽም። መጀመሪያ መለየት ነው።

እንዲህ እየለየ ከ1813 ጀምሮ ጽሑፎቹን ተራ በተራ አወጣ፤ በ1823 ሁሉንም ሰብስቦ ስለ እንስሳት ስብ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ስሞቹን ያወጣው ከሚያየውና ከሚያሸተው ነው፤ ከግሪክና ከላቲን እየተበደረ።

ከሞራ የወጣውን ጠጣር አሲድ ስቴሪክ አለው፤ በግሪክ ሞራ ማለት ነው። ፈሳሹን ኦሌይክ አለው፤ ከዘይት። ከቅቤ የወጣውን ቢዩቲሪክ አለው፤ ከቅቤ። ቅቤ ሲቆይ አፍንጫ የሚይዘው ያ ሽታ በዋናነት የቢዩቲሪክ አሲድ ነው። ሁለቱን ደግሞ ካፕሮይክና ካፕሪክ አላቸው፤ ሁለቱም በላቲን ከፍየል ነው። የወጠጤ ሽታ የሚያውቅ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ከሳሙና ተራፊው ውሃ የሚገኘውን ጣፋጭ ነገር ከሱ በፊት ሼለ የተባለ ስዊድናዊ አግኝቶት ነበር፤ ሼቭረል ግሊሰሪን አለው፤ ጣፋጭ ከሚለው የግሪክ ቃል።

ከሁሉም ግን እኔን የያዘኝ የሐሞት ጠጠሩ ታሪክ ነው። ከሰው የሐሞት ጠጠር የሚወጣ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ስብ የሚመስል ነገር ነበር። ሼቭረል እንደ ሌላው ስብ ሁሉ ከፖታሽ ጋር አፈላው። ሳሙና አልሆነም! ጭራ የለውማ፣ ምኑ ይቆረጥ? ስለዚህ ስብ ቢመስልም እንደ ሌላው ስብ አይደለም ብሎ ለየው፤ በ1816ም ሐሞትና ጠጣር የሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት ገጣጥሞ ኮሌስተሪን አለው። ኋላ በ1859 ቤርተሎ በዓይነቱ አልኮል መሆኑን አሳየ፤ ዛሬ በምናውቀው ስም መጨረሻ ላይ ያለችው ኦል የዚያ ምልክት ናት።

ይሄን ልብ በሉልኝ፤ ወደ እናቴ ጀሪካን ስንመለስ ያስፈልገናል።

ሻማው ለማን አበራ?

ሳይንሱ ኪስ ውስጥ ሊገባ ይችል ነበር። በዚያን ዘመን ማታ ማታ ቤተ ክርስቲያንና ባለጠጋ የሰም ሻማ ያበራሉ። ሌላው ሕዝብ የሞራ ሻማ ነው፤ ለስላሳ፣ ጢሳም፣ የሚንጠባጠብ፣ የሚሸት። ሼቭረል አሁን ምክንያቱን ያውቃል። የሚያለሰልሰው ፈሳሹ ኦሌይክ ነው። ግሊሰሪኑም ሲቃጠል ይከረፋል። ሁለቱን አውጥተህ ጠጣሩን ስቴሪክ ብታስቀር ወደ 70 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ የማይቀልጥ፣ ነጭ፣ ንጹሕ ሻማ ታገኛለህ።

በ1825 ከጌይ ሉሳክ ጋር ሆኖ ፓተንት አወጣ። አዎ፣ በኬሚስትሪ ክፍል የጋዝ ሕጉን የተማራችሁለት ጌይ ሉሳክ ራሱ። ሁለት የዘመኑ ትልልቅ አእምሮዎች፣ ሁሉም ሰው የሚፈልገው ዕቃ፣ ሕጋዊ መብት። ቢዝነሱ ግን ከሸፈ። ስቡን የሚሰነጥቁበት ግብዓት ውድ ነበር፣ ክሩም ከአዲሱ ሻማ ጋር አልስማማ አለ።

ሻማውን ለገበያ ያበቃው አዶልፍ ደ ሚሊ የተባለ ሰው ነው። በ1831 ከሸሪኩ ጋር ሆኖ በውዱ ግብዓት ፋንታ ርካሹን ኖራ ተጠቀመ፤ ክሩም የተጎነጎነ ሆነ፤ እየተቃጠለ ሲሄድ ጫፉ ራሱን ያጥፋል፣ ማንም በመቀስ መቁረጥ አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ጥሩ ብርሃን ተራው ሰው ቤትም መግባት ጀመረ። ነገሩን ማወቅ አንድ ነው፣ ሰው በሚችለው ዋጋ ማቅረብ ሌላ ነው። ስታርትአፕ ላይ ያላችሁ ልጆች ይቺን ያዙ።

የተሳሳተው ስም

ሼቭረል መለየት ላይ ጎበዝ ነው ካልኩ በኋላ የሳተባትን ካልነገርኳችሁ አድልዎ ይሆንብኛል። ያ ከመጀመሪያው ሳሙና የወጣ ዕንቁ መሳይ አሲድ ትዝ ይላችኋል? ማርጋሪክ ብሎት ነበር፤ ዕንቁ ከሚለው የግሪክ ቃል። ወደ 60 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ንጹሕ ነው ብሎ አመነ።

አልነበረም። በ1840 ፍሬሚ የተባለ ኬሚስት ከፓልም ዘይት አንድ አሲድ ለይቶ ፓልሚቲክ አለው። በ1850ዎቹ ሃይንትስ የተባለ ጀርመናዊ የሼቭረልን ማርጋሪክ እንደገና ሲለየው ስቴሪክና ፓልሚቲክ ተደባልቀው ተገኙ። ያውም የያዘው ራሱ ሼቭረል ያስተማረው መንገድ ነው፤ እየለዩ መቅለጫውን መለካት። ሰውዬው ስሙን ተሳስቷል፤ ዘዴው ግን ስህተቱን ያዘለት። ለኔ ከመጀመሪያው ልክ ከመሆን ይሄ ይበልጣል።

ስሙ ግን አልሞተም። በ1869 ሜዥ ሙሪየስ የተባለ ፈረንሳዊ ከከብት ሞራ ርካሽ የቅቤ ምትክ ሲሠራ ከማርጋሪክ ስም ማርጋሪን አለው። የሌለ አሲድ ስም እስከ ዛሬ ዳቦ ላይ ይቀባል!

አሁን ግን አንቱ እንበላቸው

እስካሁን እሱ እያልን መጥተናል፤ ከዚህ በኋላ ግን ሽማግሌ ናቸውና በወጋችን አንቱ እንበላቸው።

ሼቭረል ከ1824 ጀምሮ ጎብላን የሚባለው የፓሪስ የምንጣፍና የግድግዳ ጌጥ ፋብሪካ የቀለም ኃላፊ ነበሩ። እዚያ ጥቁሩ ቀለም ደበዘዘ የሚል አቤቱታ ሲመጣ ቀለሙን መረመሩ፤ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የቀለሙ ሳይሆን የጎረቤቱ ነበር፤ ዓይናችን አንዱን ቀለም የሚያየው አጠገቡ ካለው ጋር አነጻጽሮ ነው። በ1839 ስለዚህ የጻፉት መጽሐፍ ሠዓሊዎች እጅ ገብቶ የሥዕልን ታሪክ ነካ። በመሀል፣ በ1832፣ ከሥጋ መረቅ ክሬቲንን አገኙ።

በ1870 የፕሩሺያ ጦር ፓሪስን ሲከብ 84 ዓመታቸው ነበር። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ ዳይሬክተር ናቸው። ሌላው ሲሸሽ አልሸሹም። በጃንዋሪ 1871 የመድፍ ጥይት ሙዚየሙ ላይ ሲወድቅ ተቃውሟቸውን በጽሑፍ ለሳይንስ አካዳሚው አቀረቡ። ዳይሬክተርነቱን የለቀቁት በ1879፣ በ93 ዓመታቸው ነው። ራሳቸውን የፈረንሳይ ተማሪዎች ሁሉ አንጋፋ ብለው መጥራት ይወዱ ነበር።

በ1886 መቶኛ ዓመታቸው በአገር ደረጃ ተከበረ። ናዳር የተባለው ታዋቂ ፎቶ አንሺ እየጠየቃቸው ልጁ ፎቶ አነሳቸው፤ ብዙዎች የመጀመሪያው የፎቶ ቃለ መጠይቅ ይሉታል። ፎቶውን ስልካችሁ ላይ ፈልጋችሁ እዩት፤ ነጭ ፀጉራቸው የተንጨበረረ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ የሚያስረዱ አዛውንት። ከፈረንሳይ አብዮት በፊት የተወለደ ሰው ካሜራ ፊት እያወራ!

ኤፕሪል 9 ቀን 1889 በ102 ዓመታቸው ፓሪስ ውስጥ አረፉ። አንድ ልጃቸው የሞተው ከሳቸው ጥቂት ቀናት ቀድሞ ነው። የኤፍል ግንብ የተመረቀው በዚያው ሰሞን ሲሆን፣ ግንቡ ላይ ከተቀረጹት 72 ስሞች አንዱ የሳቸው ነው።

ከሳቸው በኋላ

በሞቱ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1892፣ ኬሚስቶች ጄኔቫ ተሰብስበው የስም አወጣጥ ሕግ አበጁ። ካርበኑን ቁጠር፣ በቁጥሩ ጥራው አሉ። በዚህ ሕግ ስቴሪክ ባለ 18 ካርበን ስለሆነ ኦክታዴካኖይክ ይባላል። ለወረቀት ጥሩ ነው፤ ሰው ግን ዛሬም ስቴሪክ ነው የሚለው።

ቁጥሩ ግን ሼቭረል ያላዩትን ያሳየናል። ስቴሪክና ኦሌይክ ሁለቱም ባለ 18 ካርበን ናቸው። ልዩነታቸው ኦሌይክ መሀል ላይ አንድ ድርብ ትስስር አለው፤ እዚያ ላይ ይጎብጣል። ቀጥ ቀጥ ያለ እንጨት ጥቅጥቅ ብሎ ይደረደራል፤ ጎባጣው አይደረደርም። ስለዚህ ቀጥ ያለው ይረጋል፣ ጎባጣው ይፈሳል። ቀጥ ያለውን ሳቹሬትድ ይሉታል። ኦሜጋ 3 የሚባለውም ይሄው ቆጠራ ነው፤ ኦሜጋ የግሪክ ፊደል መጨረሻ ናትና ከጭራው ጫፍ ጀምረህ ስትቆጥር የመጀመሪያው ድርብ ትስስር 3ኛው ካርበን ላይ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ጀሪካኑ። የሚረጋው ዘይት የፓልም ዘይት ነው። ኮሌስትሮል የለውም የሚለው እውነት ነው፤ ኮሌስትሮል ከእንስሳ ነው እንጂ የእጽዋት ዘይት ውስጥ ከቁጥር የሚገባ የለም። ኑግም ላይ፣ ሱፍም ላይ ቢጻፍ እውነት ነው። ጥያቄው ሌላ ነው። ከፓልም ዘይት ፋቲ አሲድ 44 በመቶ ገደማው ፓልሚቲክ ነው፤ ቀጥ ያለው፣ የሚረጋው። እንዲህ ያለው ሳቹሬትድ ስብ ሲበዛ ደግሞ ደም ውስጥ ያለውን መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። የኑግ ዘይት ግን አብዛኛው ሁለት ቦታ የሚጎብጠው ሊኖሌይክ ነው፤ ለዚያ ነው አዲስ አበባ ብርድ ላይም የሚፈሰው።

ሼቭረል በ1816 የለዩትን ሁለት ነገር ጀሪካኑ መልሶ ቀላቀለብኝ። ኮሌስትሮል ሌላ፣ ፋቲ አሲድ ሌላ። አንዱ የለም ሲባል ሌላውም የሌለ መሰለኝ። ኮሌስትሮል ራሱም ቢሆን መርዝ አይደለም፤ ጉበታችን የሚሠራው፣ ሕዋሳችንም ሆርሞናችንም የሚፈልገው ነገር ነው፤ ጣጣው ደም ውስጥ ሲበዛ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ምን ትብላ የሚለውን የናቴ ሐኪም ይንገራት። እኔ የቀየርኩት አንድ ነገር ነው። አሁን ዘይት ስገዛ የፊቱን ትልቅ ጽሑፍ ትቼ ጀርባውን አዞራለሁ፤ ሳቹሬትድ ፋት የምትለዋን ትንሽ መስመር ነው የማነበው። እናቴ ግን ጀርባውንም ሳታነብ ቀድማኝ ነበር፤ ጠዋት ክዳኑን ከፍታ ያየችው የሼቭረልን መቅለጫ ነጥብ ነው።

ቸር ሰንብቱ።